ለሰርቪስ ቤት ሁለተኛ የብሬከር ሳጥን መትከል

ሁለተኛ የብሬከር ሳጥን ማለት ከቆጣሪው ቀጥሎ ካለው ዋና ሳጥን በአንድ ወፍራም ኬብል ኃይል ተቀብሎ፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ለተሠራ ሰርቪስ ቤት፣ ለላይኛው ፎቅ ወይም ለኪራይ ክፍሎች በየራሳቸው ብሬከር የሚያከፋፍል ሳጥን ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች «ዲስትሪቢውሽን ቦርድ» ወይም በአጭሩ «ዲቢ» እየተባለ ይሸጣል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ግቢዎች ይህን ሥራ የሚያስፈልገው ምክንያት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ዋናው ቤት ሲሠራ ያልታሰበ ሰርቪስ በጓሮ ይታከላል፣ ለእሱም ከቅርቡ ሶኬት አንድ ቀጭን ሽቦ ይጎተታል፣ ከዚያም በዚሁ ሽቦ ላይ ምጣዱ፣ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው ተራ በተራ ይደራረባሉ። ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ ሲወርድ ባለ 16 አምፔሩ ተነቅሎ ባለ 32 አምፔር ይገባል፤ ብሬከሩ መውረዱን ይተዋል፣ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በግድግዳው ውስጥ የሚግለው ሽቦ ጠባቂ የለውም።

ለዚህ ችግር ትክክለኛው መፍትሔ ሁለተኛ ሳጥን መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ሳጥኑ አዲስ ኃይል እንደማያመጣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በቆጣሪው በኩል የሚገባው ኃይል ያው የነበረው ነው፤ ሁለተኛው ሳጥን የሚያደርገው ያንኑ ኃይል በሥርዓት መከፋፈልና እያንዳንዱን ሽቦ በልኩ መጠበቅ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሳ ሥራው የሚጀመረው ሳጥን ከመግዛት ሳይሆን ከስሌት ነው፤ መጋቢው ኬብል (ከዋናው ሳጥን ወደ ሁለተኛው የሚሄደው)፣ ያንን ኬብል የሚጠብቀው ብሬከርና የመሬት መስመሩ አንድ ላይ ካልታሰቡ ሳጥኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አደጋውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም።

የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ሥራ ስለሆነ፣ ሽቦ የማገናኘቱና የመፈተሹ ድርሻ ፈቃድ ባለው ባለሙያ መከናወን ይኖርበታል። የቤቱ ባለቤት ድርሻ ደግሞ ጭነቱን መቁጠር፣ ዕቃውን መርምሮ መግዛት፣ ቦታውንና ቦዩን ማዘጋጀት፣ ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ደረጃ ለምን እንደሚሠራ አውቆ መከታተል ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ስህተቶች ብዙዎቹ ግድግዳው ከተለሰነና የሳጥኑ ክዳን ከተዘጋ በኋላ በዓይን የሚታዩ አይደሉም።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ፒንሳ፣ እጀታቸው የተሸፈነ ካቻቢቴዎች፣ የሽቦ መላጫ፣ መልቲሜትር፣ የግድግዳ መብሻ ድሪል፣ ውኃ ልክ፣ የሽቦ ጫፍ መጨመቂያ፣ እንዲሁም ባለሙያው ይዞት የሚመጣው የኢንሱሌሽን መለኪያ ናቸው። ጫፉ ላይ ትንሽ አምፖል ያለው የካቻቢቴ ቴስተር መስመር መኖሩን በግምት ለማወቅ ይጠቅም ይሆናል፤ መስመር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ግን ፈጽሞ አይበቃም፣ ምክንያቱም አምፖሉ ሲቃጠል ወይም የያዘው ሰው ከመሬት በደንብ ሲለይ በቀጥታ መስመር ላይም ላይበራ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ጭነቱን መቁጠር

በአዲሱ ሳጥን የሚጠቀሙት ዕቃዎች ሁሉ በየአካላቸው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ዋታቸው ተነብቦ በወረቀት ይዘርዘር። ዋቱን ለ220 ቮልት ማካፈል ዕቃው የሚስበውን ከረንት በአምፔር ይሰጣል፤ 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ፣ 4,000 ዋት የሆነው ደግሞ ከ18 አምፔር በላይ ይስባል ማለት ነው። ምጣድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ የሚሠራ ዕቃ በመሆኑ ለአፍታ ከሚበራ ማፍያ ይልቅ ሽቦንና ብሬከርን የሚፈትነው እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ዕቃዎቹ ሁሉ ቢደመሩ ስንት ይሆናሉ የሚለው ሳይሆን፣ በአንድ ጊዜ አብረው ሊበሩ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው የሚለው ነው። ለምሳሌ 3,500 ዋት ምጣድ፣ 1,500 ዋት የውሃ ማሞቂያና 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ አንድ ጠዋት አብረው ቢበሩ ድምሩ 7,000 ዋት፣ ማለትም 31.8 አምፔር ይሆናል። ባለ 32 አምፔር ብሬከር ይህን ለጥቂት ይሸከመዋል፤ ነገር ግን አንድ ማቀዝቀዣና ጥቂት መብራቶች ሲታከሉበት ከልኩ ያልፋል፤ ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ሰርቪስ ተገቢው የመጋቢ ብሬከር ባለ 40 አምፔር ነው።

አሁን ይህ ቁጥር ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ዋና ብሬከር ጋር ይነጻጸር። ዋናው ባለ 63 አምፔር ቢሆን 40ው ከሥሩ ይገባል፣ ዋናው ቤትም በዚያው ሰዓት የሚጠቀምበት ቀሪ ይኖረዋል። ዋናው ራሱ ባለ 40 ከሆነ ግን ሰርቪሱ ከልክ በላይ በሳበ ጊዜ የትኛው ብሬከር ቀድሞ እንደሚወርድ አይታወቅም፤ የግቢው ሁሉ መብራት አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው መጋቢውን ወደ 32 ወይም 25 አምፔር ዝቅ አድርጎ ምጣዱና ማሞቂያው በተለያየ ሰዓት እንዲበሩ መወሰን፣ ሁለተኛው ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የኃይል ማሻሻያ ወይም የሦስት ፌዝ ጥያቄ ማቅረብ። ጥያቄው የሚቀርበው ኬብሉና ሳጥኑ ከመገዛታቸው በፊት መሆን አለበት፤ ለነጠላ ፌዝ የተገዛ ሳጥንና ኬብል ለሦስት ፌዝ አይሆንምና። ፌዝ የሚባለው ቮልቴጅ የተሸከመው ሽቦ ሲሆን፣ ኒውትራል ደግሞ ከረንቱ የሚመለስበት ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመርና የታሸገውን የቆጣሪ ክዳን መንካት በማንኛውም ሁኔታ የባለቤቱም የቀጠረው ባለሙያም ሥልጣን አይደለም።

ደረጃ 2፦ መጋቢውን ኬብል መምረጥ

የኬብል ምርጫ በአንድ ሕግ ይገዛል፤ ዕቃዎቹ የሚስቡት ከረንት ከብሬከሩ ቁጥር እንዳይበልጥ፣ የብሬከሩ ቁጥርም ኬብሉ ሳይግል ሊሸከመው ከሚችለው እንዳይበልጥ። በግድግዳ ላይ በተዘረጋ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የሚሄድ፣ በፒቪሲ የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ የአካባቢው ሙቀት 30 ዲግሪ ሲሆን በነጠላ ፌዝ የሚሸከመው እንደሚከተለው ነው፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር 24 አምፔር፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር 32፣ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር 41፣ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር 57፣ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር 76። በአንድ ቱቦ ውስጥ የብዙ መስመር ሽቦ ሲታጨቅ እነዚህ ቁጥሮች ይወርዳሉ። ስለዚህ ባለ 40 አምፔር ብሬከር በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ በጠባቡ ሲያልፍ፣ በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ በምቾት ይቀመጣል።

ከሙቀቱ ሌላ ርቀቱም መታሰብ አለበት። ሰርቪሱ ከዋናው ሳጥን በኬብል መንገድ 30 ሜትር ቢርቅና 32 አምፔር ቢሳብ፣ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ላይ 7.2 ቮልት ገደማ በመንገድ ይቀራል፣ በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ግን 4.3 ቮልት ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ርቀቱ በ2 ይባዛል (ከረንቱ ሄዶ ይመለሳልና)፣ ውጤቱ በአምፔሩና በ0.0225 ተባዝቶ ለሽቦው ስፋት ይካፈላል። ይህ ጥቂት ቮልት ንቀት የሚገባው እንዳይመስል የምጣዱን ባሕርይ ማየት ይበቃል፤ የማሞቂያ ሽቦ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ስለሚወርድ፣ በ220 ፋንታ 200 ቮልት የደረሰው ምጣድ ከሙቀቱ 17 በመቶ ያህሉን ያጣል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። በማታ ሰዓት ከመንገድ የሚመጣው ቮልቴጅ ራሱ ዝቅ በሚልበት ሰፈር፣ በግቢው ኬብል ላይ የሚጠፋው ተጨማሪ ቮልት ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። በዚህ ምክንያት በኬብል ስፋት ላይ የሚወጣ ተጨማሪ ገንዘብ በሌላ በየትኛውም ዕቃ ላይ ከሚወጣው ይልቅ ያዋጣል።

በመደብር ውስጥ በኬብሉ ሽፋን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ማመን አይገባም። ከ7 ፈትሎች የተገመደ እውነተኛ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ እያንዳንዱ ፈትል 1.35 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ የ6 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ፈትል ደግሞ 1.04 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን በካሊፐር መለካት ደቂቃ አይፈጅም። በተጨማሪም የአንዱ ፈትል ጫፍ በምላጭ ይፋቅ፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ ሽቦው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ የመሸከም አቅሙም ከላይ ከተዘረዘረው በብዙ ያነሰ ነው።

መጋቢው ሦስት ሽቦ ሊኖረው ይገባል፤ ፌዝ፣ ኒውትራልና የመሬት መስመር። እስከ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ድረስ የመሬቱ ሽቦ ከፌዙ ጋር እኩል ስፋት ይኑረው።

ደረጃ 3፦ ሳጥኑንና ብሬከሮቹን መግዛት

ሳጥኑ አሁን ከሚያስፈልገው ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ቦታ ትርፍ ይኑረው፤ ሰርቪስ ቤት ሲያድግ እንጂ ሲያንስ አይታይምና። ዋና ማጥፊያው ፌዙንም ኒውትራሉንም በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ባለ ሁለት ምሰሶ መሆን አለበት፤ በጥገና ጊዜ በምሰሶ ላይ ወይም በቆጣሪ ዘንድ ፌዝና ኒውትራል ቢቀያየሩ፣ ፌዙን ብቻ የሚቆርጥ ማጥፊያ ቤቱን ቀጥታ መስመር ላይ ትቶት «ጠፍቷል» ያሰኛል።

ለአብነቱ ሰርቪስ ክፍፍሉ እንደሚከተለው ቢሆን ተገቢ ነው፤ ለምጣዱ ብቻ ባለ 20 አምፔር ብሬከር በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለምድጃው እንዲሁ፣ ለውሃ ማሞቂያው ባለ 16 በ2.5፣ ለሶኬቶቹ ባለ 16 በ2.5፣ ለመብራቱ ባለ 10 በ1.5። በብሬከሩ ላይ ከቁጥሩ በፊት የሚታየው ፊደል ለድንገተኛ ከፍተኛ ከረንት ያለውን ትዕግሥት ያመለክታል፤ ዓይነት «ቢ» ከቁጥሩ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲደርስ ወዲያው ይወርዳል፣ ዓይነት «ሲ» ደግሞ ከ5 እስከ 10 እጥፍ። ለመብራት፣ ለምጣድና ለማሞቂያ «ቢ» ይበቃል፤ ሲነሣ ብዙ ከረንት የሚስብ የውሃ ፓምፕ ላለበት መስመር «ሲ» ይመረጣል። ሾርት ሲፈጠር ብሬከሩ ራሱ ሳይፈነዳ መቁረጥ የሚችለው ከረንት በላዩ ላይ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ይጻፋል፤ 6000 የሚል ይመረጥ።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር መታከል አለበት። እነዚህ ብሬከሮች የሚመረቱበት ደረጃ መደበኛ የአገልግሎት ከፍታ ብሎ የሚቆጥረው እስከ 2,000 ሜትር ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቀጭን አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ፣ ሳጥኑን አጨናንቆ መሙላትና ብሬከርን እስከ መጨረሻ አምፔሩ ማስጨነቅ በደጋ ከተማ ይበልጥ አይመከርም።

ከሁሉም በላይ የማይቀርበት ዕቃ የልዩነት ብሬከር ነው። ይህ ብሬከር በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ከረንት እያነጻጸረ፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ፣ ማለትም ጥቂት ከረንት በሰው አካል ወይም በዕቃው ብረት በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ፣ ወዲያው ይቆርጣል። ተራው ብሬከር ሽቦን ከመጋል ይጠብቃል፤ ሰውን የሚጠብቀው ይህኛው ነው። ለምጣዱ የራሱ የሆነ የልዩነት ብሬከር ቢመደብለት የተሻለ ነው፤ የምጣድ ሸክላ እርጥበት ሲመጥ ጥቂት ከረንት ማፍሰሱ ያለ ነገር ስለሆነ፣ ከሌላው ጋር ሲጣመር የቤቱን መብራት ሁሉ አብሮ ያጠፋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ የልዩነት ብሬከሩን ነቅሎ መጣል ነው። ብሬከሩ የወረደው ግን ሥራውን ስለሠራ ነው፤ መጠገን ያለበት ምጣዱ ነው።

ደረጃ 4፦ ቦታውንና መንገዱን ማዘጋጀት

ሳጥኑ ደረቅ በሆነ፣ በቀላሉ በሚደረስበትና በብርሃን በሚታይ ግድግዳ ላይ፣ መሃሉ ከወለል 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይተከል፤ ከፊቱ አንድ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ቦታ ምንጊዜም ክፍት ይሁን። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከማጠቢያ ሳህን በላይ፣ ከምጣዱ እንፋሎት ፊት ለፊትና በልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አይተከልም። በረንዳ ላይ ከሆነ ዝናብና አቧራ የማያስገባ፣ አይፒ 65 የሚል ምልክት ያለው ሳጥን ያስፈልጋል፤ ኬብሉም ከሥር እንጂ ከላይ አይግባ፣ ውኃ ኬብሉን ተከትሎ ይወርዳልና።

በግቢው ውስጥ ኬብሉ በመሬት ሥር የሚሄድ ከሆነ ለመቀበር የተሠራ፣ የብረት መከላከያ ያለው ኬብል ይገዛ፤ ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር፣ መኪና በሚያልፍበት ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር። ከሥሩና ከላዩ ድንጋይ የሌለው አሸዋ ተነጥፎ፣ ከመሬቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይዘርጋ፤ ከዓመታት በኋላ ዶማ ይዞ የሚቆፍረው ሰው ከኬብሉ በፊት ፕላስቲኩን እንዲያገኝ ነው። ተራ የቤት ውስጥ ሽቦን በቀጭን ቱቦ ከቶ ከጭቃ ሥር መቅበር የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ ቱቦው በክረምት ውኃ ሲሞላ ሽፋኑ ይበላሻል። በመንገዱ መሃል መቀጠል የለበትም፤ ኬብሉ ከሳጥን እስከ ሳጥን አንድ ወጥ ይሁን።

ደረጃ 5፦ የመሬት መስመሩን ማስተካከል

የመሬት መስመር፣ በሠራተኞች አጠራር ኤርዝ፣ የዕቃዎችን የብረት አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ነው። በብዙ ቤቶች ከምሰሶ የሚገቡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ በመሆናቸው፣ መሬቱ የሚገኘው በግቢው ውስጥ ከተተከለ የመዳብ ዘንግ ነው። ብዙ ሰው ዘንጉ ከተተከለ አደጋው ያበቃ ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። ዘንጉ 20 ኦም መቋቋም አለው እንበል፣ ይህም መጥፎ የማይባል ውጤት ነው። ፌዙ የምጣዱን ብረት ቢነካ ወደ መሬት የሚሄደው ከረንት 220 ለ20 ሲካፈል፣ 11 አምፔር ብቻ ይሆናል። ባለ 20 አምፔሩ ብሬከር ይህን ተራ ጭነት አድርጎ ስለሚያየው አይወርድም፤ ምጣዱ ቀጥታ መስመር እንደያዘ ይቀመጣል። የልዩነት ብሬከሩ ግን 0.03 አምፔር ስለሚበቃው በቅጽበት ይቆርጣል። ዘንግና የልዩነት ብሬከር አንዱ ሌላውን የሚተካ ሳይሆን ሁለቱም አብረው የሚያስፈልጉ መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ሳጥን መሬቱን ከዋናው ሳጥን በሚመጣው ሦስተኛ ሽቦ ይቀበል፤ በሰርቪሱ አጠገብ ተጨማሪ ዘንግ ቢተከል መልካም ነው፣ እሱም ከዚያው የመሬት መስመር ጋር ይታሰር። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ያለው ዋልካ አፈር በበጋ ደርቆ ስለሚሰነጠቅና ከዘንጉ ስለሚለይ፣ አጭር ዘንግ በክረምት ጥሩ ተለክቶ በበጋ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ ዘንጉ ከተሰነጠቀው ንብርብር በታች እስኪደርስ በጥልቀት ይግባ፣ ልኬቱም ቢቻል በበጋ ይደገም። ጨው መጨመር ለጊዜው ቁጥሩን ያሳምረዋል፣ ውሎ አድሮ ግን ዘንጉን ይበላዋል። የውኃ ቱቦ እንደ መሬት አይቆጠርም፤ ዛሬ ብረት የሆነው ነገ በፕላስቲክ ይቀየራልና።

ደረጃ 6፦ በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ማገናኘት

ሥራው ከመጨረሻው ጫፍ ወደ ምንጩ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሳጥን ሙሉ በሙሉ ታስሮ ሳያልቅ መጋቢው ከዋናው ሳጥን ጋር አይገናኝም። በቅድሚያ ከዋናው ቤት ሶኬት ተጎትቶ የነበረው አሮጌ ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ ይውጣ። እሱ ከተረሳ ሰርቪሱ ከሁለት አቅጣጫ ኃይል ያገኛል፤ አዲሱን ዋና ማጥፊያ አጥፍቶ የሚሠራው ሰውም በአሮጌው በኩል በመጣ ኃይል ይያዛል።

በሳጥኑ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ማሰሪያ አሞሌዎች ይኖራሉ፤ አንዱ የኒውትራል፣ ሌላው የመሬት። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦም ሆነ ብሎን በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ መኖር የለበትም። ይህ ከሁሉ የበለጠ የሚዘወተርና ከሁሉ የከፋ ስህተት ስለሆነ ምክንያቱ ሊብራራ ይገባል። ሁለቱ ከተገናኙ የመመለሻው ከረንት ከፊሉ በመሬት ሽቦው ይሄዳል፣ ያም ማለት በየዕለቱ በምድጃውና በማቀዝቀዣው የብረት አካል ላይ የማይገባ ከረንት ይዘዋወራል፤ በዋናው ሳጥን ያለው የልዩነት ብሬከር ያለ ምክንያት የሚመስል መውረድ ይጀምራል፤ ኒውትራሉ በምሰሶ ላይ ወይም በመንገድ ከተበጠሰ ደግሞ መመለሻ ያጣው ከረንት በዚያ ማያያዣ በኩል አልፎ በግቢው ያለውን የብረት ዕቃ ሁሉ ለሞት በሚያበቃ ቮልቴጅ ይሞላዋል። መሬት ያልተሠራለት ቤት ውስጥ የሶኬትን የመሬት ጫፍ ከኒውትራል ጋር ማሰርም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ሁለት የልዩነት ብሬከሮች ካሉ እያንዳንዱ የራሱ ኒውትራል አሞሌ ያስፈልገዋል፤ በአንዱ የሄደ ከረንት በሌላው ከተመለሰ ሁለቱም ይወርዳሉ።

በሽቦ ቀለም ረገድ ጥንቃቄ ይደረግ። በአሁኑ አሠራር ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ድርብ ቀለም መሬት ነው። በአሮጌ የሦስት ፌዝ ዝርጋታ ግን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሦስቱም ፌዝ፣ ጥቁሩ ደግሞ ኒውትራል የነበረበት ጊዜ ስላለ፣ በአሮጌ ግቢ ውስጥ ሰማያዊ ሽቦን በቀለሙ ብቻ አምኖ መንካት አይቻልም፤ በመልቲሜትር ይረጋገጥ።

ብዙ ፈትል ያለው ሽቦ ከብሎን ሥር ከመግባቱ በፊት ጫፉ በመዳብ ማቀፊያ ይጨመቅ፤ ፈትል ቆርጦ ማሳነስ ወይም ሁለት ሽቦ በአንድ ብሎን ማጨቅ አይፈቀድ። የላላ ብሎን ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይላላል፤ የሳጥን ቃጠሎ ከሚነሳባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ይህ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ አይጠማዘዙ፤ እርጥበት ባለበት አብረው ስለሚበሉ ለሁለቱ በተሠራ ማገናኛ ብቻ ይያያዙ።

ደረጃ 7፦ ኃይሉን አጥፍቶ ከዋናው ሳጥን ጋር ማገናኘት

መብራት በመጥፋቱ ተማምኖ ዋናውን ሳጥን መክፈት አይገባም፤ የጠፋው መብራት በማንኛውም ደቂቃ ሳያስጠነቅቅ ይመጣልና። ዋናው ብሬከር ይጥፋ፣ ቢቻል በቁልፍ ይቆለፍ፣ ካልሆነም «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት፤ ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር በግቢው ካለ እሱም ይጥፋና ይነቀል። ከዚያ መልቲሜትሩ በመጀመሪያ ቀጥታ መሆኑ በሚታወቅ መስመር ላይ ይሞከር፣ ቀጥሎ በሚሠራበት ቦታ በፌዝና ኒውትራል፣ በፌዝና መሬት፣ በኒውትራልና መሬት መካከል ይለካ፣ መጨረሻም መሣሪያው በመሃል እንዳልተበላሸ ለማረጋገጥ በታወቀው ቀጥታ መስመር ላይ ዳግም ይሞከር። ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች የሚገቡበት የላይኛው ጫፍ ቀጥታ እንደሆነ መቅረቱ አይዘንጋ፤ በመከለያ ይሸፈን።

ባለ 40 አምፔሩ መጋቢ ብሬከር በዋናው ሳጥን ባለ ባዶ ቦታ ይተከል፣ የመጋቢው ፌዝ በእሱ፣ ኒውትራሉና መሬቱ በየአሞሌያቸው ይታሰሩ። ባዶ ቦታ ከሌለ መጋቢውን ከሌላ ብሬከር ጋር ደርቦ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ዋናው ሳጥን በሰፊ ይቀየር።

ደረጃ 8፦ መፈተሽና ማስረከብ

ኃይል ከመለቀቁ በፊት ባለሙያው የመሬት ሽቦው ከዋናው ሳጥን እስከ መጨረሻው ሶኬት አለመቋረጡን ይለካል። ቀጥሎ ዕቃዎቹና አምፖሎቹ ሁሉ ተነቅለው በ500 ቮልት የኢንሱሌሽን መለኪያ ይፈተሻል፤ በሽቦዎቹና በመሬቱ መካከል ያለው ውጤት ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም፣ አዲስ ዝርጋታ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይገባዋል። ዕቃ ሳይነቀል ይህን መለካት ቴሌቪዥንና ቻርጀር ያቃጥላል። ኃይሉ ሲለቀቅ ብሬከሮቹ አንድ በአንድ ይነሱ፣ በየሶኬቱ ፌዝና ኒውትራል በትክክለኛው ጎን መሆናቸው ይታይ፣ የልዩነት ብሬከሩም በመሣሪያ ሲሞከር በ300 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መቁረጡ ይረጋገጥ።

ከዚያ ምጣዱ ተሰክቶ ለአንድ ሰዓት ይሥራ፤ በዚህ መካከል በሁለቱም ሳጥኖች ያለው ቮልቴጅ ይለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምጣዱ ብቻውን ሲበራ ከተሰላው ከበለጠ የላላ ብሎን ወይም ከተጻፈበት የቀጠነ ሽቦ አለ ማለት ነው፤ ክዳኑ ሳይዘጋ ይፈለግ።

በእያንዳንዱ ብሬከር ሥር የሚያገለግለው መስመር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ «ምጣድ»፣ «የጓሮ ሶኬቶች»፣ «የተከራይ ክፍል መብራት» እየተባለ፤ በዋናው ሳጥንም መጋቢው «ሰርቪስ» ተብሎ ይለይ። ከአንድ ወር አገልግሎት በኋላ ኃይሉ ጠፍቶ ብሎኖቹ ሁሉ ዳግም ይጥበቁ፣ አዲስ መዳብ ሲጨመቅ ጥቂት ይሰጣልና። በልዩነት ብሬከሩ ላይ ያለው «ቲ» የሚል ፊደል የተጻፈበት ቁልፍ በየወሩ አንድ ጊዜ ይጫን፤ ተጭኖ ካልወረደ ብሬከሩ በዚያው ቀን ይቀየር፣ እስኪቀየርም ድረስ ምጣዱ አይሰካ።